በርጩማው

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የዝሆኔ ሕሙማንን መረጃ የሰበሰብኩት ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ ነበር። በዚያ አካባቢ ዝሆኔ በአብዛኛው የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ግን «የዘር ነው» ይላል፤ የታማሚ ልጅ ለትዳር ጠያቂ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ይህን ስለማውቅ ቅጹ ላይ ስም አልጻፍኩም፤ ቁጥር ብቻ። ፎቶም ያነሳሁት እግር እንጂ ፊት አይደለም።

የፈቃደኝነት ቅጹን ያነበብኩላቸው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ነው፤ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆመው። ስድሳውም ሰዎች አሻራቸውን አሳረፉ። አንዲት እናት ቀለም የነካ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጄ፣ ይህ የመሬት ነው የእርዳታ?» አሉኝ። «የጤና ነው እናቴ» ብዬ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ያን ጊዜ ነበር ማቆም የነበረብኝ።

ውጤቱን ለነዋሪው ሳቀርብ ፎቶዎቹን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳየሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ወጣት «ይህማ የእነ እገሌ በርጩማ አይደል?» አለ። የታማሚዋ እግር ያረፈበት በርጩማ አንዱ እግሩ በብረት ተጠግኗል። ፎቶውን እኔ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በርጩማውን ግን አላየሁትም። እዚያ ላይ ተቀምጦ ቡና ያልጠጣ ጎረቤት ደግሞ የለም። የሴትየዋ ልጅ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። «የእኔንስ እግር አገር ያውቀዋል፤ ለልጄ ነው እንጂ» አሉኝ። ፎቶውን ከስልኬ ላይ ፊታቸው አጠፋሁ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ መኪና ውስጥ ትዝ አለኝ፦ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ አማካሪዬ ኢሜይል ውስጥ አለ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ቴሌግራም ላይም አለ። ሁሉንም ለቅሜ ለማጥፋት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ማን አውርዶ እንዳስቀመጠው ግን እንዴት ይታወቃል?

ሁለተኛውን ዙር የሠራሁት በሌላ መንገድ ነው። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት የግል መረጃዎች አንዱ መሆኑን ያነበብኩትም ዘግይቼ ነው፤ አዋጁ ግን ስለ በርጩማ አይነግርም። ከእግር ሥር ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። ታብሌቱ የቤቱን መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አኃዝ ይመዘግብ ነበር፤ ያ በር ድረስ የሚያደርስ ምልክት ነው። ሁለት አኃዝ ብቻ ሳስቀር ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ዕድሜን በአሥር ዓመት ክፍል መደብኩ፤ ጎጡን ከመረጃው ጨርሶ አወጣሁት።

ቅጹን በየቤቱ፣ ያለ ሊቀመንበር አነበብኩ፤ ከዚያ «እስኪ እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ» እላለሁ። ለፎቶ ለብቻው ጠየቅሁ። ሥራው ሦስት እጥፍ ረዘመ።

በመጀመሪያው ዙር እምቢ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው አሥራ አንድ ሰዎች ፎቶውን፣ አራቱ ደግሞ ሁሉንም እምቢ አሉ። ከአራቱ አንዷ ጣታቸውን በነጠላቸው የጠረጉት እናት ናቸው፤ ቡና ግን አፍልተው አጠጡኝ።