የማርሹ ዘንግ ይጠር ወይስ ቡሹ ይቀየር?

ዛሬ አዳማ ላይ ግማሽ ቀኔን የበላችው ዲኤክሴ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ ናት። ማርሽ ስቀይር ወጥ የማማስል ነው የምመስለው። ገብቶ እንኳ ዘንጉ ይወዛወዛል። ሰሞኑን ሾርት ሺፍተር የሚባል ነገር አይቼ ልቤ እዚያ ተንጠልጥሎ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት ነጥብ ከፍ ይላል፣ ከላይ ያጥራል ከታች ይረዝማል፣ እጅ የሚሄደው መንገድ ይቀንሳል። እሱን ማስመጣት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ቶርኖ ቤት ወስጄ ዘንጉን ከላይ ላስቆርጠው አሰብኩ። ግን ይሄም በነጻ አይደለም፤ ከሚዞርበት ነጥብ በላይ ያለውን 30 ሳንቲሜትር 24 ብታደርገው የእጅህ ጉዞ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ የሚፈልገው ጉልበት በ25 በመቶ ይጨምራል። ያረጀ ካምቢዮ ደግሞ ስታጣድፈው ይንጫጫል።

መካኒኬ ሰማኝና ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እስቲ ቡሹን እንየው» አለኝ። ዘንጉን ሲያወጣው ጫፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ ተሰባብሮ ግማሹ የለም! ስንት ጊዜ ብረት በብረት ስነዳ እንደኖርኩ እንጃ።

አዲስ ቡሽ ገጠመ፣ ግሪስ ቀባ፣ አለቀ። የከፈልኩት ለማስቆረጥ ከተጠየቅኩት ያንሳል። ማታ ወደ ሞጆ መንገድ ወጣ ብዬ ሞከርኳት፤ የዘንጉ ጉዞ ያው ረጅም ነው፣ ግን መወዛወዙ ጠፍቶ ማርሹ ቀጥ ብሎ ይገባል። ማስቆረጡን ለጊዜው ትቼዋለሁ። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ጋ በባጃጅ ትርምስ መሃል ስንቴ ማርሽ እንደሚቀየር የምታውቁ፣ ያ 25 በመቶ ለምን እንዳስፈራኝ ይገባችኋል።