ሊመሽ ነው

ቅዳሜ ማታ

እዚህ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉትን ተማሪዎቼን «መሸ» የሚለውን ግስ ለማስለመድ ስንት ቅዳሜ ደክሜያለሁ! ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፤ አፋቸው ግን ከእንግሊዝኛው እየቀዳ «ጨለማ ሆነ» ይላል። አሁን አማርኛ የማስተምርበት ማይንክራፍት በጡብ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው እትሙ ውስጥ ቀኑና ሌሊቱ ተደምሮ 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅም ጭራቆች ይወጣሉ። ሁልጊዜ ቀን እንዲሆን ማድረግ ቢቻልም እኔ ሆን ብዬ ጀንበሯን አልነካኋትም፤ ስለዚህም ዛሬ ጣሪያቸውን ከድነው ያልጨረሱት ልጆች «ሊመሽ ነው፣ ቶሎ በል!» እየተባባሉ ሲጯጯሁ አረፈዱ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አልነበረም። «በአማርኛ እያወራችሁ ጎጆ ሥሩ» ብዬ ስለቀቃቸው፣ ከማውስ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሥራውን ብቻውን መጨረስ የሚችል ልጅ ምን ብሎ ይናገራል? አሁን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ አንደኛው የጎጆውን ሥዕል እያየ እንዲያዝዝ፣ ሌላኛው ሥዕሉን ሳያይ እንዲሠራ አደርጋለሁ። «ምሰሶውን መሀል አቁም»፣ «ከበሩ በስተቀኝ ሁለት ጨምር» ማለት የግድ ሆነባቸው። (ክብ ጎጆ በአራት ማዕዘን ጡብ መሥራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ የእኛዎቹ ክብ የሚመስሉት ከሩቅ ሲታዩ ብቻ ነው።)

ዛሬ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ የሴት ገጸ ባሕርይ መርጦ ገባና ጓደኛው «እንጨት አምጪ» አለችው። እሱ «አምጣ ነው የሚባለው» ብሎ ተቆጣ፤ እሷ ደግሞ የምታናግረው ስክሪኑ ላይ የምትሮጠዋን ልጅ እንጂ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አለመሆኑን አስረዳች። ክፍሉ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ። «አምጣ፣ አምጪ፣ አምጡ» እያልኩ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር እንዲህ ያለ ሙግት ሰምቼ አላውቅም፤ ዳኝነቱን ሲጠይቁኝም አመነታሁ።

ፊደልን በተመለከተ ከጨዋታው ብዙም አልጠብቅም። ስለዚህ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አስዘግቼ የሆነውን በእርሳስ አጽፋቸዋለሁ። ዝምተኛው ተማሪዬ ዛሬ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ቤታችን ሳይከደን መሸብን።» ይህን «ብን» አላስተማርኩትም ነበርና ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ አንቺ ነሽ ሁልጊዜ የምትዪው» አለኝ።