ካሮቱ ያለበት ገጽ

ያለፈው ቅዳሜ አፈርኩ። ጅማ፣ ጅሬን፣ አማቴ ቤት ነን። ገንፎ ቀርቦልናል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቅቤና በርበሬው ጢም ብሏል። የአምስት ዓመቷ ልጄ እጇን ሰበሰበችና «አኮ (አያቷን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምትጠራት)፣ ቅቤ መጥፎ ምግብ ነው። ቅቤ የሚበላ ልጅ መሮጥ አይችልም» አለች።

አማቴ ቅቤውን ራሳቸው ናቸው የናጡት። ለእኛ ሲሉ አስቀምጠውት ነው። ዝም ብለው አዩአት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ማን አስተማራት?»

ማን እንዳስተማራት አውቃለሁ። እኔ ነኝ። በየማታው፣ አልጋ ላይ፣ ድምፄን እየቀያየርኩ።

መጽሐፉን አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣላት። ከውጭ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ የሥዕል መጽሐፍ። ጥሩ ምግቦች በአንድ ወገን ይስቃሉ፦ ፖም፣ እንጆሪ፣ ብሮኮሊ። መጥፎዎቹ በሌላ ወገን ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። አለቃቸው ቢጫ፣ ቦርጫም ቅቤ ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን እኔ ራሴ ብሮኮሊ በልቼ አላውቅም። ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ስንት ዓመት ስመላለስ ዘንቢል ውስጥ ተኝቶ አላየሁትም። ፖም እንኳ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ በፍሬ ነው የሚሸጠው፣ እንደ ዕቃ። አማቴ ጓሮ ግን አቮካዶው ከዛፉ እየወደቀ በግ ይበላዋል። ልጄ ስለ አቮካዶ አንድም ገጽ አንብባ አታውቅም። ለእሷ አቮካዶ ማለት ጁስ ነው፤ እሱንም ሁለት ማንኪያ ስኳር የምጨምርበት እኔው ነኝ። (በዚህ ጉዳይ ማንም እንዲመክረኝ አልፈልግም።)

የሥዕል መጽሐፍ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እንግሊዝ አገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውታል። ወላጅና ልጅ ስለ አንድ አትክልት የሚያሳይ መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት አብረው ሲያዩ፣ ልጁ አትክልቱን ለመቅመስ የበለጠ ፈቃደኛ ይሆናል። ልጅ የማያውቀውን ነገር ይፈራል፤ ዓይኑ ሲለምደው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ታዲያ ዓይኗ የሚለምደው ገበያ የማታገኘውን ነገር ከሆነ ምን ይጠቅማታል? ቅቤውን ጭራቅ ማድረግ ደግሞ ምን አመጣው? ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር፣ ቅባት ካላገኘ በደንብ አይዋሃደንም። የአማቴ ዱባ ወጥ በቅቤ መሠራቱ ልክ ነበር። መጠኑ ሌላ ወሬ ነው።

ሐሙስ ለገበያ ስወጣ ይዣት ሄድኩ። ባዶ ደብተርና ከለር በቦርሳዬ ይዣለሁ። የገዛነውን ሁሉ ቤት ገብተን ልንሥል ነው። ሻጮቹ ሳቁብን። አንዷ ፓፓያውን ለሁለት ከፍላ «ፍሬውንም ሣይው እንጂ» አለቻት። ልጄ ጥቁሮቹን ፍሬዎች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ጀርባዬ ላይ ጎመን፣ እጄ ላይ ሙዝ፣ ባጃጁ እየጠበቀን።

ማታ መሬት ላይ ተኝተን ሣልን። እኔ ሥዕል አልችልም። የኔ ሙዝ ጀልባ ነው የሚመስለው። ጎመኑን እሷ ሣለችው፤ በእጇ ቅጠሉን ይዛ ዙሪያውን በእርሳስ እየተከተለች። ከዛ ቅጠሉን ጫፉ ላይ ነከስ አደረገችው። ጥሬውን። ምንም አላልኩም። ብናገር እንደምትተፋው አውቃለሁ።

ዛሬ ደብተሩን ይዘን አማቴ ጋ ወጣን። አማቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሥዕል ግን ከእኔ የተሻለ ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት። አቮካዶው አለፈ። ዘይቱኑ አለፈ። ጎደሬው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎደሬ ነው» አልኩ።

«ድንች ነው። ጎደሬ ጢም አለው።» እርሳሱን ከልጄ ተቀብለው ጭረት ጭረት አደረጉበት። ልክ ናቸው፤ ልጣጩ ፀጉራም ነው። «በደንብ ካልተቀቀለ ጉሮሮ ያሳክካል ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሩን ዘጉና ጠበቁኝ። የጠበቁት ነገር ገብቶኛል። «እማማ፣ የቅቤውን ገጽ እርስዎ ይሣሉልን» አልኳቸው። ቅል ሣሉ። መናጫውን ቅል፣ ከነማንጠልጠያው። ልጄ ጥርስ ልትጨምርበት ስትል እጇን ያዝኩት።

ገንፎ በልተን ተመለስን። እሷም በላች፤ ቅቤውን በጣቷ እየጠቀሰች።

አሁን ተኝታለች። ደብተሩን አንሥቼ ሳገላብጥ ሁለት ገጾች አልለያይ አሉኝ። በብርሃን አየኋቸው። መሃል ላይ ብርቱካናማ ነገር አለ። ካሮቱ ነው። ገና ከመጀመሪያው «ካሮት አይሣል» ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ በግድ የጨመርኩት። ገጹን በገንፎ ለጥፋዋለች።