የቡሬው ቪፒኤን መብራት ሲመለስ ለምን አልነሳ አለ?

ዋናውን ቢሮ ደብረ ማርቆስ፣ ቅርንጫፉን ቡሬ ላይ በራውተር፣ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ማገናኘት እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን በደንብ እየሠራ ነው። ብዙ ቀን የፈጀብኝን ነገር ግን እናንተም እንዳትደክሙበት ልንገራችሁ።

ቡሬ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ የእህል ግዢ ሂሳብ ማርቆስ ባለው ሰርቨር ላይ ይመዘግባሉ። ከዚህ በፊት ፋይሉ በፍላሽ ሆኖ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል በሚኒባስ ይላክ ነበር። መጀመሪያ የሪሞት ዴስክቶፑን (ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያውን) ፖርት ወይም በር፣ 3389ን፣ ራውተሩ ላይ ከፍቼ አደርኩ። ጠዋት የሰርቨሩን መዝገብ ሳየው ከማላውቃቸው አድራሻዎች በመጡ የይለፍ ቃል ሙከራዎች ተሞልቷል። ወዲያው ዘጋሁት። እባካችሁ፣ ይህን ፖርት ለኢንተርኔት አትክፈቱ።

ከዚያ ዋየርጋርድን ያዝኩ፤ በሁለቱ ራውተሮች መካከል የተመሰጠረ መንገድ (ተነል) የሚዘረጋ ቪፒኤን ነው። ቡሬ ኢንተርኔቱ በሲም ካርድ ነው፤ የራውተሩ አይፒም (የኔትወርክ አድራሻው) በ100.64 የሚጀምር ሆኖ አገኘሁት። ይህ ብዙ ደንበኛ በጋራ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ሲቀመጥ የሚሰጥ የውስጥ አይፒ ስለሆነ ከውጭ ሆኖ ቡሬን መጥራት አይቻልም። ቋሚ አይፒ ያለው ማርቆስ እንዲጠብቅ፣ ቡሬ እንዲጠራ አደረግኩ። መንገዱ እንዳይዘጋም ቡሬ በየ25 ሴኮንዱ ምልክት ይልካል። የሁለቱም ቢሮዎች የውስጥ አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ስለነበር፣ እንዳይጋጭ የቡሬውን ወደ 192.168.20 ቀየርኩት።

ሠራ። ዝናብ ጥሎ መብራት ሲሄድ ግን ቆመ፤ መብራቱ ተመልሶም ተነሉ አልነሳም። ለጥበቃው ደወልኩ፦ «ጋሼ፣ የራውተሩ መብራቶች እንዴት ናቸው?» «ሁሉም በርተዋል ልጄ፣ ስልኬም ኢንተርኔት ያገኛል» አሉኝ። የማርቆሱን ራውተር አጥፍቼ ሳበራው ተነሉ ተነሳ። ያሳሳተኝም ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ማርቆስ ያለ መስሎኝ ለቀናት እዚያው ስቆፍር ከረምኩ።

በመጨረሻ ቡሬ ሄጄ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁትና መዝገቡን ከፈትኩ። ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል! ይህ ራውተር የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድበት ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ዋየርጋርድ ደግሞ በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ጥሪ ላይ ሰዓት ያትማል፤ ተቀባዩ ከዚያው ደንበኛ ካየው የመጨረሻ ሰዓት የማይበልጥ ጥሪ ሲመጣ፣ የድሮ መልእክት ተቀድቶ የተላከ ነው ብሎ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ማርቆስን ሳጠፋው የያዘውን ሰዓት ስለሚረሳ ይቀበል ነበር።

ታዲያ ቡሬ ለምን ሰዓቱን አላስተካከለም? ኤንቲፒውን (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን) ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን ከማርቆስ ሰርቨር፣ በተነሉ ውስጥ እንዲወስድ አድርጌ ነበር። ተነሉ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ተነል ይጠብቃል። ኤንቲፒውንም ዲኤንኤሱንም (የሰርቨር ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን) ከተነሉ አውጥቼ በቀጥታ በሲም ካርዱ ኢንተርኔት እንዲሄዱ አደረግኩ። እዚያው ቆሜ ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ራሱ ተነሳ።

ትናንት ማታ ቡሬ ላይ መብራት ሄዶ መጥቷል። ጠዋት ከማርቆስ ሆኜ የቡሬውን ራውተር ፒንግ አደረግኩ (መኖሩን የሚጠይቅ አጭር መልእክት ላክሁ)፤ መለሰ።