ግራናይቱን ሳልነካ ካቢኔቱን እያደስኩ ነው፦ እስካሁን የደረስኩበት

ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ኪችን ካቢኔት ካረጀ ቆየ። በሮቹ ተላልጠዋል፣ መሳቢያዎቹ አልሳብ ብለዋል፣ ሲንኩ ሥር ያለው ጎን ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ከላይ የተነጠፈው ግራናይት ግን እንከን የለውም። ያየው ሰው ሁሉ "አፍርሰሽ እንደ አዲስ አሠሪው" ይለኛል። ደህናው ድንጋይ ለምን ከበሰበሰው ጋር ይፈርሳል? ድንጋዩ ባለበት ይቆይ፣ ከሥሩ ያለው ይለወጥ ብዬ ጀመርኩ። የታችኛው ክፍል አልቋል፣ የላይኛው ቀርቷል። ይህንኑ ለምታስቡ ሰዎች የተማርኩትን ላካፍል።

በመጀመሪያ ድንጋዩን ማንሳት ለምን እንደማይመከር። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ተኝቶ ሲቀመጥ ብዙ ጭነት ይችላል፣ ሲነሳና ሲጎብጥ ግን አቅም የለውም። በተለይ ለሲንኩ በተቆረጠው ቀዳዳ ፊትና ኋላ የቀረችው ቀጭን ጠርዝ ቶሎ ትሰነጠቃለች። ያማከርኳቸው ሽማግሌ አናጢ "ልጄ፣ አንሱት ካልሽኝ አነሳዋለሁ፤ አይሰበርም ብዬ ግን አልምልልሽም" አሉኝ። ደግሞ ቢሰበር ያንኑ መልክ ማግኘት ከባድ ነው። የተፈጥሮ ድንጋይ ከአንድ ቦታ ቢወጣም አንዱ ጥርብ ከሌላው ይለያል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለግንብ እንጂ ግራናይት አይሆንም፣ ግራናይቱ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የእናንተ ድንጋይ ግራናይት ይሁን እብነ በረድ እወቁ። በማይታይ ጥግ አንድ ጠብታ ሎሚ ጣል አድርጉና ጥቂት ቆዩ። አረፋ ካወጣ ወይም ሲጠረግ ቦታው ከደበዘዘ እብነ በረድ ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ግራናይት ምንም አይሆንም። ይህ ኋላ ሲሊኮን ስትመርጡ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ሲንኩ ሥር ያለው የቺፕውድ ጎን ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ድረስ እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ድንጋዩ ደግሞ በዚያ በኩል የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሲፎኑ ያንጠባጥብ ስለነበር መጀመሪያ እሱ ተቀየረ፤ ውሃው ካልቆመ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ሁለት ሞራሌ ከድንጋዩ ሥር እስከ ወለሉ ካለው ከፍታ ትንሽ አሳጥረን ቆረጥን። ራሳቸው ላይ ሰፋ ያለ የኮምፖንሳቶ ቁራጭ አደረግን፣ ጫናው አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ። ከሥር ደግሞ ሽብልቅ በሁለት በኩል ትይዩ እያስገባን በቀስታ መታ መታ አደረግን። እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ድንጋዩን ከፍ ለማድረግ አለመሞከር ነው። ባለበት መያዝ ብቻ ነው የሚፈለገው። ሞራሌው በእጅ ሲነቀነቅ አልንቀሳቀስ ካለ በቃ፣ መዶሻው ይቀመጥ። ከላይ ውሃ ልክ አስቀምጠን ስለነበር አረፋዋን ዓይናችንን ሳንነቅል እናያት ነበር፤ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። ከዚያ በኋላ ነው የበሰበሰው ተቆርጦ የወጣው። በምትኩ በአራቱም ጎን የዘይት ቀለም የጠጣ የደረቀ ባህር ዛፍ ገባ፣ እሱም ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ የሴራሚክ ቁራጭ አደረግንለት። ሽብልቁ የወጣው ኮላው በደንብ ከያዘ በኋላ ነው፣ ቀስ እያለ። በሥራው ጊዜ ሁሉ ድንጋዩ ላይ አሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አንጥፈን ነበር፣ አንድ መፍቻ ቢወድቅ እንኳ ጠርዙን እንዳይመታው።

ለበሮቹ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የእንጨት ቃጫ በኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) መረጥኩ። ድፍን ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን የበጋው ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ይጣመማል፤ በር ደግሞ ከተጣመመ አይገጥምም። ልኩን ከአሮጌው በር እንዳትወስዱ። ከድንጋዩ ውሰዱ። የድንጋይ የታችኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይደለም። በግራ፣ በቀኝና በመሃል ለኩና በትንሹ ላይ ተመርኮዙ፣ ከዚያም ከበሩ ራስ እስከ ድንጋዩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ድንጋዩ ከበሩ ፊት ወጣ ብሎ መቆየት አለበት፣ አለበለዚያ ከላይ የሚፈስ ውሃ በቀጥታ በሩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አዲሱ በር ከአሮጌው ወፍራም ከሆነ ይህንን አስቀድማችሁ አስሉ።

ማጠፊያው ከውስጥ የሚደበቀው፣ 35 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ የሚፈልገው ዓይነት ነው። ለእሱ የሚሆን የድሪል ጥርስ አለ። ጥልቀቱን ቴፕ ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ በፊት በኩል ብቅ ሊል ይችላል። የአሮጌው ካቢኔት የብሎን ቀዳዳዎች ላልተው ከሆነ የተጠረበ እንጨት በኮላ አስገብታችሁ ቁረጡትና እንደ አዲስ ብሱት። ብሎኑ ጥርቅም ብሎ ይይዛል።

ቀለሙ ላይ ረዘም ብዬ አስቤያለሁ። የእኛ ድንጋይ ግራጫ ሆኖ ጥቁርና ቀላ ያለ ነጠብጣብ አለው። የቀለም ናሙናዎቹን ድንጋዩን በውሃ አርጥቤ አጠገቡ እያደረግኩ፣ በጠዋት ብርሃንም በአምፖልም አየኋቸው። ያሸነፈው ከራሱ ከድንጋዩ ውስጥ ያለው ቀለል ያለው ግራጫ ነው። ንጹህ ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ቦታ እያደር ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የካቢኔት ውስጡም እንደዚያው። ኤምዲኤፍ የተቆረጠ ጠርዙ ቀለም ይጠጣል፤ ቀጠን ባለ ኮላ ወይም በስቱኮ ዝጉትና ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። አሮጌውን ክፍል ግን ከመፈግፈጋችሁ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ቅባቱን አስለቅቁ። የዓመታት የወጥ ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም።

ብርዳችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ቀለም አይደርቅም፣ እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። ጤዛው ከተነሳ በኋላ ረፋድ ላይ ቀብቼ፣ ፀሐይ ሳትወድቅ ወደ ቤት አስገባ ነበር። ሌላም የከፍታው ጣጣ አለ፦ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባቄላውም ሽሮውም ብዙ ይቆያል፣ እንፋሎቱም ብዙ ነው። የላይኛዎቹ በሮች ከታች ጠርዛቸው መላላጥ የጀመሩት ከምድጃው በላይ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ለእነሱ የታችኛውን ጠርዝ ደጋግሜ ልዘጋ ነው፣ እንፋሎቱንም የሚያወጣ ማራገቢያ ከእነሱ በፊት ይገባል።

ድንጋዩ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን አሮጌ ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ አውጥቼ አዲስ አድርጌያለሁ። ሲገዙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ያለበት ነው፣ እብነ በረድ ካላችሁ ጠርዙን ያበላሸዋል። ለተፈጥሮ ድንጋይ የሚሆነው ኒውትራል የሚባለው ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የላይኛዎቹን በሮች ስጨርስ እዚሁ እጨምራለሁ። ማራገቢያውን ግድግዳ ሳይሆን መስኮት ላይ የገጠማችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።