የአጎቴ ቸርኬ

ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ከተኛ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ደሴ በነሐሴ እንዲህ ናት። ልብስ አይደርቅም፣ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፣ እኔም ነገር አይጥመኝም። ጠዋት ስነሳ ጀምሮ ደረቴ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ግን ስለ እሱ ልጽፍ አይደለም የተቀመጥኩት። ስለ መኪና ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ለመድናት ቡና ወጣሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ ቀድመውኝ ተሰይመዋል፤ ባለጋራዡና የፊዚክስ አስተማሪው። ተስማምተው አያውቁም፣ ተለያይተውም አያውቁም። ረከቦቱ አጠገብ አንድ ስልክ ተጋድሟል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች፣ ክብ ክብ ያለች መኪና አለች። አቦሉ አልፏል፤ ጭቅጭቁ ግን ገና መጀመሩ ነው።

መኪናዋ ካተርሃም የሚባል የእንግሊዝ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 2023 ለሰው ያሳያት ናት። ፕሮጀክት ቪ ይሏታል። በኤሌክትሪክ የምትሄድ ስፖርት መኪና ስትሆን ያኔ ክብደቷ 1,190 ኪሎ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሄ ላባ ማለት ነው። አሁን በየከተማው የምናያቸው አይዲ 4 ቮልስዋገኖች ሁለት ቶን ገደማ ናቸው። ዋጋዋ ደግሞ ከ80,000 ፓውንድ በታች እንዲሆን ነበር የታሰበው። ባለጋራዡ ይህን ሲሰማ ስልኩን አነሳና አባዛው። አሥር ሚሊዮን ብርን ዘለለ። ስልኩን በአፉ ደፋው።

«በዚህ ብር ገልባጭ ገዝቼ አሸዋ እጭንበታለሁ» አለ።

«አንተ ምንጊዜም ስንት ትጭናለች ነው።»

«ታዲያ መኪና በምን ይለካል?»

አስተማሪው መልስ ነበረው። እሱ መልስ አጥቶ አያውቅም። መኪናን ማክበድ ቀላል ነው፤ ብረቱን ወፈር፣ ወንበሩን ደለብ ማድረግ ነው አለ። ገንዘብ የሚበላው ማቅለሉ ነው። ብረቱን በአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየሙን በካርቦን ፋይበር ስትተካ እያንዳንዷ የቀነስካት ኪሎ ዋጋ አላት። ከዚያ ደግሞ ስንት ሰው ይገዛታል? ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ፋብሪካ ወጪውን ለሚሊዮን ያካፍላል፤ ትንሹ ፋብሪካ ግን ለጥቂት መቶ ሰው ነው የሚያካፍለው።

ከዚያ ወደ ታሪክ ገባ። ኮሊን ቻፕማን የሚባለው የእንግሊዙ መኪና ፋብሪካ የሎተስ ሰውዬ በፈረንጆቹ 1957 ሎተስ ሰባት የምትባል መኪና ሠራ። አራት ጎማ፣ ሞተር፣ ሁለት መቀመጫ፣ በቃ። በፈረንጆቹ 1973 ካተርሃም የመሥራት መብቱን ከሎተስ ወሰደ፤ ያችኑ መኪና እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። አንዷ የዘመኑ ሰባት 440 ኪሎ ብቻ ናት፤ ሞተሯም 660 ሲሲ የሆነ የሱዙኪ ሞተር ነው። ባለጋራዡ ሱዙኪ ሲባል ጆሮው ቆመ። «እሱን እኔ በሰዓት አወርደዋለሁ» አለ፤ ትንሽ የለሰለሰ መሰለኝ። አስተማሪው ግን ማቆም አይችልበትም። በፈረንጆቹ 1996 የወጣችው ሎተስ ኤሊዝ ሻንሲዋ 68 ኪሎ እንደሆነና የአሉሚኒየሙ ቁራጮች በብየዳ ሳይሆን በሙጫ እንደተያያዙ ነገረው።

«በሙጫ?»

«በሙጫ።»

ባለጋራዡ ዕድሜ ልኩን ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ስኒውን አስቀመጠ። ፊቱን ብታዩት ሰው የሰደበው ይመስላል።

እኔም ዝም ከምል ብዬ የአልፒንን ወንበር አነሳሁ። ኤ110 የተባለችው የፈረንሳይ መኪና ናት። ወንበሯን አቅልለው አቅልለው አንዱን 13.1 ኪሎ አደረሱት። ነጥብ አንድ እንኳ ሳትቀር ነው የሚናገሩት። ይህን ሳወራ ቡና የምታፈላልን እትዬ ከሰሉን እያራገቡ ይሰሙናል ለካ።

«ይኼ የተቀመጥክበት በርጩማ ሁለት ኪሎ አይሞላም» አሉኝ። «ስንት ይገዙኛል?»

ባለጋራዡ ከዚህ በኋላ ሌላ ክርክር አላስፈለገውም።

ቢሆንም አስተማሪው እጅ አልሰጠም። ነገሩን ወደ ሐረጎ ቁልቁለት አመጣው። ብልጥ ነው፤ ሐረጎ ላይ ሁላችንም ልባችን እንደሚሸበር ያውቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፣ ያውም እየተጠማዘዘ። የሚወርድ ከባድ መኪና ያን ሁሉ ክብደት በፍሬን ነው የሚይዘው። ክብደቱ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይ ያልቃል። መስኮት ከፍቶ የወረደ ሰው ያንን የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ የያዘውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሲወጣ ደግሞ የደሴ ስስ አየር አይነካውም። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን አየር አይተነፍስም።

«ደሴ ቻርጅ አድርገህ ሞልተህ ከወጣህስ?» አለ ባለጋራዡ። «የሞላ ባትሪ የት ይጨምረዋል? ያው ፍሬን ነው!»

ትክክል ነው። አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። እኔ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ደግሞ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ፣ ከዚህ ሁሉ ዘር መግባት የምትችለው ይህችው የኤሌክትሪኳ ብቻ ናት ተባለ። ስለ ቀረጥ አወሩ። ስለ ጎማ አወሩ። ጠጠር ላይ ሆዷ ይነካል፣ አይነካም ተባባሉ። ቀለም መረጡ። አረንጓዴ ይሁን፣ አይ ግራጫ ይሁን። ከሦስታችን አንዳችንም የባጃጅ ቅድመ ክፍያ የለንም። ግን ግራጫ አይሆንም ብዬ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አስታውሳለሁ።

በረካው ተጠጥቶ ስንወጣ መንገዱ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጠራን። ወጣሁበት። 86። አስተማሪው ያው አስተማሪ ነው፤ ቆሞ በጭንቅላቱ አሰላ። «የመኪናዋን ሰባት በመቶ ነህ» አለኝ። «ብትሳፈርባት የመሐንዲሶቹ ልፋት ገደል ገባ።» ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ጃኬትህ እርጥብ ስለሆነ ነው» አለኝ። የወሎ ልጅ፣ የኔ ጌታ። ሁለት እጥፍ ከፈልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ያ «መኪና በምን ይለካል» የሚለው ነገር አብሮኝ መጣ።

አጎቴ ኤን ትሬ ነበረው። ፊያት 682 የጭነት መኪና። የአሁን ልጆች አታውቁትም። ከአሰብ ጭኖ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባ። ሰኞ ቀን ባቲ ላይ የገበያው ግመል መንገድ ዘግቶበት ስንት ሰዓት እንደቆመ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይዞኝ ይሄዳል። ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያቆማል። ይወርዳል። እኔም ተከትዬው እወርዳለሁ። በየጎማው እየዞረ መዳፉን ከቸርኬው አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል፤ ምድጃ እንደሚሞቅ ሰው። ከዚያ እንትፍ ይልበታል። ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ጥስ ካለ ሻይ እንጠጣለን። ዝም ካለ «ቢስሚላህ» ብሎ ይወጣል፣ እኔንም በክንዴ ስቦ ያወጣኛል።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። መኪና ልነዳ ይቅርና እግሬ ፔዳል አይደርስም ነበር ያኔ።

እሱ ስለ ክብደት ሲያወራ እንደ ሰው ነበር የሚያወራው። «ጭነቱ ዛሬ ተቆጥቷል» ይላል። «ጭነቱ ይገፋኛል» ይላል። ባዶውን ሲወርድ ግን ይከፋው ነበር። ባዶ መኪና ይዘላል፣ ይንጣል፣ ወገብ ይሰብራል። እስቲ እሱን ስለ 1,190 ኪሎ መኪና ማን ያስረዳልኝ? ስንት ኩንታል ትችላለች ብሎ ነው የሚጀምረው። እንደ ባለጋራዡ።

በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲመጣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አጎቴ ጥቂት ሞከረ፤ አልሆነለትም። መኪናውን ሸጠው። አንድ ትርፍ ቸርኬ ግን አልሰጥም አለ። ገዢው ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ፣ አልሰጥም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ሲሞት ቸርኬው ለእኔ ደረሰኝ። ወንድሞቼ መሬትና ሰዓት ደረሳቸው።

አሁን ወደዚያ ደረቴ ላይ ወደተቀመጠው ነገር መጣሁ ማለት ነው። አከራዬ ቤቱን ለልጃቸው ፈልገውታል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲነግሩኝ ቡና አፍልተው፣ ቂጣ አቅርበው ነው። ግን እስከ መስቀል ልቀቅ ነው ነገሩ። ያገኘሁት ቤት አንድ ክፍል ነው። አሁን ያለሁበት ሁለት ክፍልና ግቢ ነው። ስለዚህ መቀነስ አለብኝ። ትናንት ማታ ጀመርኩ። መጽሐፍ ለሁለት ከፈልኩ። የማይሠራውን ምድጃ አወጣሁ። ሁለተኛውን ብርድ ልብስ አወጣሁና መለስኩት፤ ነሐሴ ነዋ። ሳልለብሰው አምስት ዓመት የሆነውን ሱፍ አወጣሁ። በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ያ ቻፕማን ቢያየኝ ይቀጥረኝ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ግቢ ወጣሁ።

ቸርኬው እዚያ ቆሟል። ዝገቱ በዝናቡ ቀልቶ ጭቃው ላይ ወርዷል። መሃሉ ላይ የተከልኳት ጤና አዳም አለች። ይህን ብረት በሦስት ኪራይ ቤት ይዤው ዞሬያለሁ። ስንት ኪሎ እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያ ልጅ ሚዛን ላይ ባወጣው ሚዛኑ ነው የሚያልቅለት። የመጀመሪያውን ጊዜ በጋሪ፣ ሁለተኛውን ከዕቃ ጋር በአይሱዙ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሁለት ጎረምሶች እየተሳደቡ አንከባለሉልኝ። ባለጋራዡ «አምጣው፣ ቆርጬ ምድጃ አድርጌ እሰጥሃለሁ» ካለኝ ዓመታት ሆኑት። ዛሬም ሊጠይቀኝ ነበር መሰለኝ፤ ስለ ቀለም ስንጨቃጨቅ ረሳው።

እና ይኸው፣ አመሻሹን ሙሉ ስለ 13.1 ኪሎ ወንበር ያደነቅኩ ሰው፣ ጭጋግ ውስጥ ቆሜ ዝገት እየነካሁ ነው። እንትፍ ልበልበት ብዬ አሰብኩ። አላልኩም። ጎረቤት ያያል። (እሺ፣ ትንሽ ብያለሁ። ዝም አለ።)

ለሽንኩርት የምትሄደዋ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። ምንም አልኳት።

አዲሱ ቤት ሽቅብ ነው፤ ጋሪ አይወጣውም። ለአይሱዙ ደግሞ ዕቃዬ አሁን አይሞላለትም፤ ቀንሻለሁ ብያችኋለሁ እኮ። የቀረችው ባጃጅ ናት። የሰፈራችንን ባለባጃጅ ጠየቅኩት። ቸርኬውን ዞር ዞር ብሎ አየውና ጭንቅላቱን አከከ። ከኋላ ከጫንነው ሽቅቡ ላይ ፊቷ ይነሳል አለኝ። ከፊት እንዳንጭነው እሱ የት ይቀመጥ? አልፒኗ ክብደቷን 44 በመቶ ፊት፣ 56 በመቶ ኋላ አድርጋ ነው የተመጣጠነችው። አሁን ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ባጃጇን ስያለሁ፣ ቸርኬውን ስያለሁ፣ እኔን ከፊት ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ስያለሁ። 86 ኪሎዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ሊጠቅም ነው። አስተማሪው ጋ ልደውል ወይስ ጤና አዳሟን መጀመሪያ ልንቀላት?