ለጣቴ ብዬ

የምርመራው ወረቀት አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ዩሪክ አሲድ 9.2፣ ክሬአቲኒን 1.7። ሐኪሟ የመጀመሪያውን ቁጥር አየት አድርጋ አለፈችው፤ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ሁለተኛው ላይ ግን ቆየች።

ሪህ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። የጀመረኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ 55 ቀን ጾሜ በፋሲካ ቅርጫው፣ ዱለቱ፣ ቢራው ሁሉ በአንድ ቀን ተደራረበ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግራ እግሬ አውራ ጣት እንደ ፍም እየነደደ ቀሰቀሰኝ። አንሶላው ሲነካው እንኳ የምጮህ ሆንሁ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ከሠፈሬ መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እየገዛሁ እውጥ ነበር። ሰርግ ሲኖርብኝማ ገና ሳያመኝ አስቀድሜ እውጣለሁ።

“እስካሁን ምን ያህል ወስደዋል?” ስትለኝ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ከሰውነት ከሚወገደው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። እርሱ ሲደክም አሲዱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ መጠኑ 6.8 ካለፈ ደግሞ በመጋጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ጠጣር መሥራት ይጀምራል። እኔ የምውጠው ማስታገሻ ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። ጣቴን ላሳርፍ ብዬ አሲዱን የሚያስወጣልኝን ሳደክም ኖሬአለሁ። ጣት ስለሚጮህ ይሰማል፤ ኩላሊቴ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላመመኝም። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ አሎፑሪኖል የሚባል መድኃኒት 100 ሚሊ ግራም ታዘዘልኝ፤ አሲዱ ከ6 በታች እስኪደርስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። “መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ሊነሣብዎት ይችላል፤ በዚያ ምክንያት እንዳያቋርጡት። ሰውነትዎ ላይ ሽፍታ ካዩ ግን መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን ይምጡ” አለችኝ። ይህንኑ መድኃኒት ዓምና ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት የጣልሁት ጣቴ ስለተነሣብኝ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ጎረቤት ነግሯት ሽሮና ምስር ከገበታችን ካነሣች ቆይታለች። ሐኪሟ ጥራጥሬ እንደ ጉበትና እንደ ቀይ ሥጋ እንደማይጎዳኝ ስትነግረኝ ከመድኃኒቱ ይልቅ በዚህ ደስ አለኝ። ዛሬ ማታ ሽሮ በላን።

ከራት በኋላ ኪሶቼን ሁሉ ፈተሽሁ። በክት ኮቴ ውስጥ ስድስት ፍሬ፣ በመኪናው መሳቢያ ደግሞ ያልተከፈተ እሽግ አገኘሁ። ሁሉንም ለባለቤቴ ሰጠኋት። ምንም ሳትናገር ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሥታ ሁለተኛውን ቁጥር ረጅም ጊዜ አየችው።